ነፋሱ የት ይገባል?

ፎገራ ላይ ውሃ የሚስበው ሞተር ራሱ ውሃ አይጠጣም። በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያጠጡትን ፓምፖች ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ ብዙዎቹ ራዲያተር የላቸውም። ሲሊንደሩ ዙሪያውን እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉት። ከጎኑ የሚሽከረከረው ፋን ነፋስ ይገፋል፣ ነፋሱ በክንፎቹ መሃል አልፎ ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። ወንዙ በቱቦው ውስጥ ሲያልፍ ይውላል፣ ሞተሩ ግን አንድ ጠብታ አይቀምስም።

የዚህ ሞተር ዘመድ መኪና ውስጥም አለ። ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባት ያቺ ትንሽ መኪና ራዲያተር የላትም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም ነፋስ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ያንኑ ዓይነት ሞተር ሳጥን በመሰለ ሰፊ መኪና ኋላ ላይ አስቀምጦ መሸጥ ጀመረ። ኮምቢ የምንለው እሱን ነው። አንዳንዱ ሰው ጫነ፣ አንዳንዱ ዕቃ ጫነ፣ አንዳንዱ ደግሞ አልጋና ቁም ሳጥን ተገጥሞለት ፈረንጆች ከአገር አገር እየዞሩ የሚያድሩበት ቤት ሆነ። ብራዚል ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ ይመረት ነበር።

ወረታ ውስጥ አልጋ ያለው አንድ ኮምቢ አለ። የአባቴ ነው።

*

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ኮምቢዋን ባሕር ዳር ላይ የገዛት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። ከእሱ በፊት ስንት ባለቤት እንደነበራት የሚያውቀው ሊብሬው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል ናት፤ 1600 ሞተር፣ 47 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ መንገድ ላይ የምታዩት ትንሹ ቪትዝ እንኳ ከዚህ የበለጠ ጉልበት አለው። ቁም ሳጥኑ ድሮ ተነቅሎ ቤታችን ውስጥ የእናቴ የቅመማ ቅመም ማስቀመጫ ሆኗል። አልጋው ግን አለ። መጋረጃውም አለ፣ ምንም እንኳ አሁን ያለው እናቴ ከአሮጌ አንሶላ የሰፋችው ቢሆንም።

ይህ አልጋ ለሽርሽር አገልግሎ አያውቅም። ፎገራ ላይ ክረምቱ የሩዝ ነው፤ ሜዳው በሙሉ ውሃ ይተኛበታል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ደግሞ መስኖ ያለው ሰው ሽንኩርት ይተክላል፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ድረስም ፓምፕ ሲጮህ ይከርማል። ፓምፕ ማለት ገንዘብ ነው። ማታ ወንዝ ዳር ብቻውን ከተተወ ጠዋት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ሰው እዚያው ያድራል። ሌላው ጎጆ ይቀልሳል፣ አባቴ ኮምቢዋን እየነዳ ይሄዳል። መስኮቱን ይዘጋል፣ ውስጥ አጎበር ይሰቅላል፣ ሬዲዮውን ይከፍታል። ፎገራ የወባ አገር ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ላለ ሰው ዝግ በር ያለው መኝታ እንደ ቅንጦት አይቆጠርም።

በ2014 ኮምቢዋ መጋል ጀመረች። ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ምንም አትል፣ ዳገት ስታይ ግን ጉልበቷ ይከዳታል፣ ከኋላ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። የአባቴ ታላቅ እህት ደብረ ታቦር ናት። እሷን ለመጠየቅ ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚወጣውን፣ ቻይናዎች የሠሩትን የወልድያ መንገድ መያዝ ግድ ነው። ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። በዚያ ጉዞ ኮምቢዋ ዓለም በርን አልፋ ቆመች። እክስቴን በአይሱዙ ተሳፍሮ ጠየቃት።

ዳገት ለእንዲህ ዓይነት ሞተር ሁለት ጊዜ ቅጣት ነው። ከባሕር ወለል ጋር ስታወዳድሩት ወረታ ላይ አየሩ በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፣ ደብረ ታቦር ላይ ደግሞ በሩብ ገደማ። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ያው የሳሳ አየር የሚያቀዘቅዘውም ስለሆነ ሙቀቱን አንስቶ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። ኮምቢ የሚቸገረው በሁለቱም ነው።

ግን ይህች መኪና ያንን ዳገት ሃያ ምናምን ዓመት ስትወጣው ኖራለች። አየሩ በ2014 ድንገት አልሳሳም።

*

መጀመሪያ የታየችው ትልቅ ከተማ ውስጥ ባለ ጋራዥ ነው። ካንዴላ ተቀየረ፣ ፑንቲና ተቀየረ፣ ካርቡራተር ታጠበ። በሞተሩ ዙሪያ የነበረው የጎማ ጠርዝ "አርጅቷል" ተብሎ ተነሣ። ከሲሊንደሮቹ ሥር የነበሩ ሁለት ላሜራዎችም ተፈቱና "ለብርድ አገር የተሠሩ ናቸው፣ እኛ ጋ አያስፈልጉም" ተብሎ ሳይመለሱ ቀሩ። ኮምቢዋ ስትመለስ ከበፊቱ የባሰች ሆነች። የመጨረሻው ምክር የቶዮታ ሞተር እንዲገባላት ነበር።

ወዲያው ደላላ ደወለ። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚፈልግ ሰው አለ፣ በተለይ ኮምቢ ከሆነ። የተጠራው ዋጋ አዲስ ፓምፕ ገዝቶ የሚተርፍ ነበር። አባቴ ለሳምንት ያህል ዝም አለ። በእኛ ቤት ዝምታው የሚበዛው ነገሩ ልቡን ሲይዘው ነው። ወንድሜ "ይሸጥ" አለ። እናቴ "ታዲያ ማሳው ላይ የት ሊያድር?" አለች።

እኔ በ2015 የገና ሰሞን እረፍት ወስጄ ወረታ ገባሁ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፣ ትምህርቴ ከባሕር ዳር "ፖሊ" የምሕንድስና ዲግሪ። ዲግሪው ቤት ውስጥ ፍሪጅም ቴሌቪዥንም ሲበላሽ ያስጠራኛል። ያን ጊዜ ግን ስለ መኪና የማውቀው መሳፈር ነበር። በስልኬ የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ አውርጄ ነበር የሄድኩት። "ሰው አምጣ፣ እኔ አነብለታለሁ" አልኩት አባቴን።

ያመጣው ሰው ቮልስ ከፍቶ አያውቅም። ፓምፕ ሠሪ ነው።

*

ሱቁ ገበያው አጠገብ ነው፣ ወለሉ በናፍጣ የጠቆረ፣ ግድግዳው ላይ ቺንጋና ፋሻ የተሰቀለበት። ከእኔ በአሥር ዓመት ይበልጣል፣ "አያ" እለዋለሁ። ሙያውን የተማረው እዚያው ሱቅ ከነበረ ሽማግሌ ነው። መስኖ ሲጀመር ሰው የሚሰለፈው እሱ ደጅ ነው፣ ምክንያቱም ሽንኩርት ራሱን በሚያፋፋበት ጊዜ ሳምንት ውሃ ካጣ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ኮምቢዋን የኋላ ክዳን ከፈተና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየ። ሞዴሉን አልጠየቀም። ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሄደች አላለም። ዞር ብሎ አባቴን፣

"መምህር፣ ነፋሱ የት ነው የሚገባው?" አለ።

አባቴ በጎንና በጎን ያሉትን መተንፈሻዎች አሳየው።

"የት ነው የሚወጣ?"

ይህን አባቴም አያውቅም። እኔ መጽሐፉን መግለጥ ጀመርኩ። እሱ ግን አልጠበቀኝም። ከጥቁር ፌስታል ስስ ክር ቀድዶ በእንጨት ጫፍ ላይ አሰረ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ ከዚያ ክሩን በሞተሩ ዙሪያ ቀስ እያለ አዞረው። ክሩ ወደ ፋኑ አፍ ሲጠጋ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ትክክል ነው። ጎማው የተነሣበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ግን ከሥር ወደ ላይ ተንቀጠቀጠ። እጁን አስገባና አወጣ። "ትኩስ ነው። ያተነፈሰችውን መልሳ እየሳበች ነው።"

ሞተሩ ማርሹ ላይ የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ክብደቱ መቶ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። የኋላ ድጋፉን ፈትተን፣ የሩዝ ጆንያ ደርድረን፣ ከጎረቤት ሁለት ሰው ተጠርቶ ከሰዓት ሳይሞላ ሞተሩ መሬት ላይ ነበር። ፋኑን የያዘውንና ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራውን ትልቁን ላሜራ ሲያነሣው ሁላችንም አየነው። በቀኝ በኩል፣ ክንፎቹ ላይ፣ የጭድ ትራስ ተኝቶ ነበር። የሩዝ ጭድ፣ የሩዝ ገለባ፣ የፌስታል ቁርጥራጭ፣ ከእናቴ መጋረጃም ትንሽ ክር። አይጥ ቤቷን ሠርታ ወልዳ ከብዳ ሄዳለች።

ፎገራን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። ሩዙ ሲታጨድ አይጥ ማሳው ላይ መጠለያ ታጣለች። በዚያው ወር ደግሞ አንድ ሙቅ፣ ጨለማ፣ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ብረት መጥቶ ማሳው ዳር ይቆማል። "ፓምፕ ላይ በየዓመቱ ነው የማየው" አለ። "ቆሞ የከረመ ሞተር ሲመጣልኝ መጀመሪያ ክንፉን ነው የማይ።"

ያን ጊዜ ያለው ሌላ ነገር አለ፣ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ሆኜ ትዝ ይለኛል። "ውሃ ሲያፈስ መሬቱ ይርሳል፣ ታይዋለሽ። ነፋስ ሲያፈስ ምን ይታያል?" እኛም ሰርቨር ላይ የምንፈራው እንዲህ ያለውን ነው። ወድቆ የሚጮኽ ፕሮግራም ይጠገናል። ምንም ሳይል ቀስ እያለ የሚደክም ግን ደንበኛው እስኪሸሽ ማንም አያየውም። የጋራዡ ሰዎች ሰነፍ አልነበሩም። ያደጉት ራዲያተር ባለው መኪና ላይ ነው፤ ለእነሱ ላሜራ ማለት ሽፋን ነው። ነፋስ ለሚያቀዘቅዘው ሞተር ግን ላሜራው ቧንቧ ነው። ቧንቧውን ፈትቶ ውሃው ለምን አልደረሰም ማለት አይቻልም።

*

ቫልቮቹን የለካነው በማግሥቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነው። መጽሐፉ ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን ይላል። ሰባቱ ትንሽ ወጣ ገባ ቢሉም ክፍተት ነበራቸው። የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ግን ምንም ክፍተት አልነበረውም፤ መለኪያው ብረት አልገባ አለ።

"ይቺ ናት የታመመችው" አለ። "ከሁሉም በላይ የጋለች እሷ ናት። ቫልቩ ከጋለ ይረዝማል፣ ከረዘመ አይዘጋም፣ ካልዘጋ ይቃጠላል።"

እኔ በዚያው ጊዜ መጽሐፉ ላይ ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር እያነበብኩ ነበር። በዚህ ዘመን በተሠሩት ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው እዚያው ነፋሱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ነፋስ ያነሰና ቀድሞ የሞቀ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን አይቶ በኋላ ማቀዝቀዣውን ከመንገዱ ዞር አድርጎ አስቀመጠው። ልነግረው ቀና ስል ጣቱን ማቀዝቀዣው ላይ አድርጎ ቆሟል። "ይሄ ነገር በር ላይ ነው የቆመው" አለ። ያላነበበውን ገጽ ሞተሩ ላይ አንብቦታል።

የጎደሉትን ሁለት ላሜራዎች እኔ ከመጽሐፉ ሥዕል ላይ ልኬቱን አወጣሁ፣ እሱ ከአሮጌ በርሜል ቆርጦ ቀጥቅጦ ሠራቸው። የጎማ ጠርዙን ከካላማዳሪ ቆረጥን። ፋብሪካ የሠራውን ያህል አይቆይም፣ በየዓመቱ መታየት አለበት። ያ ቫልቭ ከነመቀመጫው ተፈተሸ፣ አልተቃጠለም ነበር፣ ተፍቆ ተመለሰ። ከክንፎቹ መሃል ያለውን ቅባትና አቧራ አባቴ ራሱ በጥርስ ብሩሽ ጠረገ። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀበት፣ ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም።

ከዚያ ዓለም በርን አለፍን። እየፈራን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ አይሱዙ እየቀደመን። ከላይ ስንደርስ አያ ከኋላ ወርዶ ዘይት መለኪያውን መዘዘና ሁለት ጣቱ ላይ ጠብ አደረገው። መያዝ ቻለ። ደብረ ታቦር የቴዎድሮስ ከተማ ናት፣ ሴባስቶፖል እዚያው አጠገቧ ጋፋት ላይ ነው የተሠራው፣ እስከ መቅደላም በሰው ጉልበት ተጎትቷል። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ቢሆንም ታሪክ ማስተማር ይወዳል። "መድፉም ራዲያተር አልነበረውም" አለ፣ አክስቴ ቤት ቡና ሲፈላ።

*

ደላላው ደግሞ ደወለ። አባቴ አልሸጥም አለው።

አዲስ አበባ ውስጥ ቮልስን በፍቅር የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ ክብር ይገባቸዋል። ቀለሟን አድሰው፣ ወንበሯን አልብሰው ሲያወጧት ያምራል። እኔን ያሳሰበኝ ግን የመኪናዋ ነገር ሳይሆን የዕውቀቱ ነው። ፋብሪካው ነፋስ የሚያቀዘቅዘውን ሞተር መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ነፋሱ የት ይገባል፣ የት ይወጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያገኘሁት የመኪና ጋራዥ ውስጥ አይደለም። ዕውቀቱ ፎገራ ሜዳ ላይ የቆየው የሚወደው ሰው ስላለ ሳይሆን ሽንኩርት ውሃ ስለሚፈልግ ነው።

ታዲያ ፓምፑ ሲቀርስ? የርብ ግድብ ተሠርቷል፤ ውሃው በቦይ በራሱ የሚደርሰው ማሳ ሞተር አያስፈልገውም። በፀሐይ የሚሠራ ፓምፕም እየመጣ ነው። ይህን ለአያ ስነግረው ይከፋዋል ብዬ ነበር። ሳቀ። "ውሃው በራሱ ቢመጣማ እኔም ጀርባዬ ያርፋል። የሰው ሽንኩርት ደርቆ ደጄ ላይ ሲያለቅስ ማየት ደስ የሚለኝ ይመስልሻል?" ልጁን ሙያውን እያስተማረው አይደለም። ትምህርት ቤት ነው ያስገባው።

ልክ ነው። የአንድ ሰው ሙያ እንዲቆይ ብሎ ገበሬ በናፍጣ ወጪ እንዲቸገር የሚመኝ የለም። ግን ሙያው ከእሱ ጋር ዝም ብሎ እንዲሄድም አልፈልግም። ስለዚህ እየጻፍኩት ነው። መጽሐፉ ያለውንና እሱ ያለውን ጎን ለጎን፣ በአማርኛ፣ ለአባቴም ለወንድሜም እንዲሆን። ከውስጡ ጥቂቱን እነሆ፤ ቮልስ ላለውም ፓምፕ ላለውም ይሆናል።

ጠዋት ሳታስነሡ ዘይት እዩ። ይህ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ የዘይት ፊልትሮ የለውም፣ ያለው ወንፊት ነው። ዘይቱ ማለስለሻም ማቀዝቀዣም ነው። በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፣ አቧራ ላይ ከዋለ ቀደም ብሎ። ያኔውኑ ቫልቮቹም ሞተሩ ቀዝቅዞ ይለኩ።

ቺንጋውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሰጥ ጥሩ ነው። ፋኑን የሚያዞረው እሱ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት መለኪያ የለም፤ የባትሪ የምትመስለው ቀይ መብራት እየነዳችሁ ከበራች ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ "እስከ ከተማ ልድረስ" አይባልም። እዚያው ማጥፋት ነው።

የቤንዚን ጎማ በየዓመቱ ይቀየር። ሞተሩ ላይ ጠብ ካለ እሳት ነው፣ የሞተሩ ቤት ደግሞ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ውሃ አያጠፋውም።

ማሳ ላይ ስታድሩ መተንፈሻዎቹን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ። አይጥ ቢሮ አትጠይቅም።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ባሉት ዓመታት ወደ ወረታ መሄድ እንደ ልብ አልሆነም። መንገዱ ሲዘጋ ይከርማል፣ ኢንተርኔቱም እንዲሁ። ድምፅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። አባቴ ማታ ማታ ማሳ ላይ ሆኖ ይደውላል። ደህንነቱን ከነገረኝ በኋላ ስልኩን ወደ ፓምፑ፣ አንዳንዴም ወደ ኮምቢዋ ያስጠጋል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሁለታችንም ምንም አንናገርም፣ ሞተሩን እንሰማለን። ሚኒሞው ከተንገዳገደ እንዲያይ የምነግረው ነገር አለ። ካልተንገዳገደ ደህና እደሪ ይለኛል።

ጽሑፉ ላይ የተቸገርኩበት ቃል ነበር። ያ ፋኑን አቅፎ ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራው ትልቅ ላሜራ በአማርኛ ምን ይባላል? ለአያ ደውዬ ጠየቅኩት። "እኔ ካባ ነው የምለው" አለ። "ካባውን አውልቅ፣ ካባውን አልብስ።" ካባ ብዬ ጻፍኩ። አሁን አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነኝ። የሚቀጥለው ስለ ካርቡራተር ነው፣ እሱንም ልጠይቀው ነው።